ውሃ፣ ሣርና እሳት፦ የማጀታችን ምድጃ ታሪክ ከሦስት ጉልቻ እስከ ኦሞ ወንዝ

(በራዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ በኋላ ለመጽሔታችን አንባቢዎች እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

  

ለዛሬ የመረጥነው የታሪክ ርዕስ ከወትሮው ለየት ያለ ነው። ስለ ነገሥታት ዘመቻ ወይም ስለ ታላላቅ ከተሞች መውደቅና መነሣት አይደለም። በየቤታችን በየቀኑ ስለሚነደው እሳት ነው። ማጀታችን ተፈጥሮን የማይጎዳ፣ የሰው ሐቅ የማይነካ እንዲሆን ምን እናድርግ ብለን ስንጠይቅ፣ አስቀድመን ይህ እሳት ከየት እንደመጣና ማን እንደተሸከመው ማወቅ ይኖርብናል። ለዚህም ጉዟችንን ከጂንካ እንጀምራለን። በታሪኩ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም. ብለን እንለየዋለን።

ቅዳሜ ጠዋት በጂንካ

ጂንካን የሚያውቅ ሰው የቅዳሜ ገበያዋን ያውቃል። ከደጋው የአሪ መንደሮች ጎመኑ፣ ጎደሬው፣ ሙዙና ቡናው ይወርዳል። ከቆላው በኩል የበና፣ የሐመር፣ የሙርሲና የሌሎችም ብሔረሰቦች ሰዎች ይመጣሉ። ማሩ፣ ቅሉ፣ ሸክላው፣ ፍየሉ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ገበያውን ሊያይ የመጣ እንግዳ ዓይኑ በጨሌውና በቆዳ ልብሱ ላይ ያርፋል። ወገቧ ጎብጦ እንጨት ተሸክማ ከዳገቱ የምትወርደውን ሴት ግን ልብ የሚላት የለም። እኛም ብንሆን ሸክሟን ሳታወርድ ዋጋ እንከራከራታለን። እንጨቱን ከየት እንዳመጣችው፣ ስንት ሰዓት እንደተጓዘች፣ ትናንት የለቀመችበት ቦታ ዛሬም እንጨት ይኖረው እንደሆነ አንጠይቃትም።

በሀገራችን ትዳር መመሥረት «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» ይባላል። ቤት ማለት እሳት የሚነድበት ቦታ ነው ማለት ነው። ደግሞም «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ተረቱ ለወጡ እውነት ሊሆን ይችላል። ለማገዶው ግን እውነት አይደለም። ጉልቻው ሲለወጥ የሚነደው እንጨት፣ የሚወጣው ጭስ፣ የሚሸከመውም ሰው አብሮ ይለወጣል። የዛሬው ታሪካችን ዋና ፍሬ ነገር ይህ ነው።

የሦስቱ ነገሮች ሸሪኮች

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በሦስት ነገሮች ሸሪኮች እንደሆኑ ማስተማራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሦስቱ ነገሮች ውሃ፣ ግጦሽና እሳት ናቸው። ከዑለሞች መካከል እሳቱን ማንም ያልያዘው መሬት ላይ የሚገኝ ማገዶ ነው ብለው ያብራሩም አሉ። ሸሪክ ያለው ሰው ደግሞ በጋራው ንብረት ላይ ብቻውን እንዳሻው አይሆንም፤ ከመጠቀሙ በፊት የባልንጀራውን ድርሻ ያስባል።

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤትስ እንዴት ነበር? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለእህታቸው ልጅ ለዑርዋ እንደነገሩት፣ ሦስት ጊዜ አዲስ ጨረቃ እስኪታይ ድረስ በነብዩ ቤቶች ውስጥ ለማብሰያ የሚሆን እሳት ሳይነድ ያልፍ ነበር። የሚኖሩትም በቴምርና በውሃ ነበር፤ የአንሷር ጎረቤቶቻቸውም ወተት ይልኩላቸው ነበር። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። መዲናንም ሐረም ባደረጓት ጊዜ ዛፏ እንዳይቆረጥ መከልከላቸው የታወቀ ነው።

ይህን የምናነሣው ዛሬ እሳት አታንድዱ ለማለት አይደለም። እሳት ኒዕማ ነው። ነገር ግን ኒዕማ መሆኑን የምናስታውሰው ስንቶቻችን ነን? ጀበናው ወርዶ ከሰሉ ባዶውን ሲነድ፣ ምጣዱ ሰምቶ ሊጡ ገና ሲበጠበጥ የሚባክነው የጋራ ንብረት ነው።

ማገዶ ዋና ከተማን ሊያዛውር ሲል

አሁን ወደ ሀገራችን ታሪክ እንምጣ። በቀደሙት ዘመናት የኢትዮጵያ ነገሥታት ዋና ከተማ ቋሚ አልነበረም። ንጉሡ ከነሠራዊቱ አንድ ቦታ ላይ ይሰፍራል፤ ዙሪያው ያለው እህልና እንጨት ሲያልቅ ሰፈሩን ነቅሎ ይሄዳል። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ይኸው ዕጣ ሊደርሳት ተቃርቦ ነበር። የነዋሪው ቁጥር ሲጨምር የአካባቢው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ አለቀ። እንጨት ፍለጋው ከከተማዋ እየራቀ ሄደ። አፄ ምኒልክም በ1900 አካባቢ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ደን ባልጠፋበት ስፍራ፣ አዲስ ዓለም የተባለችውን ከተማ ማሠራት ጀመሩ። እስቲ አስተውሉ፤ የአንድን ሀገር ዋና ከተማ ሊያዛውር የነበረው የጠላት ጦር ሳይሆን የየቤቱ ምድጃ ነበር።

ከተማዋን ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በ1890ዎቹ ወደ ሀገራችን ገባ። በፍጥነት ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከግንዱ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለአዲስ አበባ ማጀት መዳኛ ሆነ፤ የአዲስ ዓለም ዕቅድም ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጣል፣ ሥሩ አጠገብ ሌላ አያበቅልም የሚል ቅሬታ ተነሣ። ይህ ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። የእሳቱ ችግር ሲቃለል ጥያቄው ወደ ውሃው ዞረ። ከሦስቱ የጋራ ነገሮች አንዱን ስንነካ ሌላው እንደሚነካ ከዚህ እንማራለን።

ሸክሙም ከሰው ትከሻ አልወረደም። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች ነገር ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲነገር ቆይቷል። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሕይወታቸውን አጥንተዋል። አንዳንዶቹ ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚስተካከል ሸክም ተሸክመው ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር። የአዲስ አበባ እንጀራ የተጋገረው በእነዚህ እህቶች ጀርባ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ እርማት እናድርግ። የኢትዮጵያ ደን ከመቶ ዓመት በፊት የሀገሪቱን መሬት 40 በመቶ ይሸፍን ነበር ሲባል በትምህርት ቤትም በስብሰባም ሰምተናል። የኢትዮጵያን የግብርና ታሪክ ያጠኑት አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ይህ ቁጥር አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለው በ1990ዎቹ አሳይተዋል። ደኑ አልተመናመነም ማለታቸው አይደለም። በየቦታው የሆነው የተለያየ ነው ማለታቸው ነው። እውነት በተጋነነ ቁጥር መደገፍ አያስፈልገውም። ስለዚህ ከጅምላ አኃዙ ወርደን አንድ አካባቢን ቀረብ ብለን እንይ።

የአሪ ጓሮና የሸክላ ሠሪዋ እጅ

ጂንካ የደቡብ ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ሆና ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2023 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል፤ ጂንካና የአሪ ደጋ ግን በገበያም በታሪክም የተሳሰሩ ናቸው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የሰሜኑ ጦር ወደ አካባቢው ሲገባ አስተዳደሩ የተተከለው ደጋው ላይ፣ በባኮ ነበር። ኋላ አስተዳደሩ ወደ ጂንካ ወረደ፤ ከተማዋም በሣር አውሮፕላን ማረፊያዋ ዙሪያ እያደገች መጣች።

የአሪ ገበሬ ቤት በእንሰት፣ በቡና፣ በጎደሬና በጎመን የተከበበ ነው። የከብቱ እበትና የምድጃው አመድ ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል። በሰሜኑ ደጋ ብዙ ቦታ እንጨት በማለቁ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ መሬቱም የሚገባውን ማዳበሪያ ያጣል። በአሪ ጓሮ ግን እበቱ ለአፈሩ ይቀራል። የእንሰቱ ቅጠል መጠቅለያም ነው፣ ምንጣፍም ነው፣ ሳህንም ነው። ሥራውን ሲጨርስ ወደ አፈር ይመለሳል። የዛሬው ፌስታል ይህን አያውቅም።

ሸፈሮንም እናንሣ። በደቡብ ኦሞ የቡናው ፍሬ ለገበያ ሲሄድ ገለባው አይጣልም። በትልቅ ሸክላ ይፈላና በቅል እየተቀዳ ይጠጣል። ከደጋው ወደ ቆላው ሐመርና በና አገር የሚወርደው የቡና ገለባ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። የመናውያን ወንድሞቻችንም ከቡና ገለባ ቅሽር አፍልተው ይጠጣሉ፤ በሐረርም ይኸው ልማድ አለ። ከአንድ ዛፍ ፍሬውንም ገለባውንም መጠቀም፣ ቀይ ባሕር ተሻግሮ የሚያገናኘን የቆየ ጥበብ ነው።

ይህ ሁሉ የሚበስለው በሸክላ ነው፤ ሸክላውን የሚሠሩትም የአሪ ሴቶች ናቸው። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሞሪዬ ካኔኮ በመካከላቸው ኖረው እንዳጠኑት፣ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ልጅ እናቷ ስትሠራ እያየች በእጇ ታዳብራለች። ነገር ግን የሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች በቀድሞው ልማድ ከገበሬው ጋር በጋብቻ አይገናኙም ነበር፤ እንደ ዝቅተኛም ይታዩ ነበር። በሸክላዋ እየበላን እርሷን መናቅ በሌሎች የሀገራችን ክፍሎችም የነበረ ነውር ነው። ሰው ሁሉ የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጅ መሆኑን ለምናምን ለእኛ ደግሞ ከነውርም በላይ ነው።

ጂንካ ላይ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል የአካባቢውን ብሔረሰቦች የቤት ዕቃዎች ሰብስቦ ይዟል። ልጆቻችንን ይዘን ብንጎበኘው፣ ቅሉና ሸክላው የድህነት ምልክት ሳይሆኑ የዕውቀት ውጤት መሆናቸውን ለማስረዳት ይጠቅመናል።

ምጣዱ ሲመጣ

ከተማዋ ስታድግ ከየአቅጣጫው ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው መጣ። እንጀራም አብሮ መጣ። ጎደሬ በአንድ ድስት ተከድኖ ይቀቀላል፤ ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል። እንጀራ ግን ሰፊ ምጣድ ይፈልጋል። ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ ብዙ እንጨት ይነዳል፤ አክንባሎው በተከፈተ ቁጥርም ሙቀቱ ያመልጣል። ሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ደግሞ ነበልባሉ በየጎኑ ይወጣና አብዛኛው ሙቀት አየሩን ያሞቃል። እንጀራ በሚበላ ቤት ለማብሰያ ከሚወጣው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው ጋገራው ነው።

ከሰሉም አለ። ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስለናል። ጭሱ ግን ቀርቶ አይደለም፤ ከሰሉ በተከሰለበት ጫካ ውስጥ ወጥቶ ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰለው በተለመደው ዘዴ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት 5 ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይፈጃል። ለአንድ ቡና የምናቀጣጥለው ከሰል ጥቂት ቢመስልም ከኋላው ብዙ እንጨት አለ።

ጭሱ የሚያደርሰውን ጉዳት የዓለም ጤና ድርጅት በቁጥር አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተዋል። በሀገራችን ከ10 ቤተሰብ 9 ያህሉ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በአገዳ ነው። እናቶቻችን ዓይናቸው ሲቀላ፣ ሲያስላቸው «ዕድሜ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ዕድሜ ሳይሆን ማጀቱ ነው።

የተሻሻሉት ምድጃዎች

ባለሙያዎቻችን ይህን ተመልክተው ዝም አላሉም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኬንያው ጂኮ የተቀዳችው ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃ ወጣች። ውስጧ ሸክላ፣ ውጭዋ ቆርቆሮ ነው። ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ስትነጻጸር የከሰሉን ሩብ ያህል ትቆጥባለች። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ለእንጀራ የሚሆነውን ምርጥ ምድጃ ሠራ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በክፍል በክፍል ተሠርቶ ይገጣጠማል። እሳቱን ዙሪያውን ይዘጋዋል፤ ከኋላ በሚወጣው ግለት ላይ ደግሞ ድስት ይጣዳል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ከ1998 ጀምሮ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂ.ቲ.ዜድ) የግል አምራቾችን እያሠለጠነ እንዲስፋፋ ረዳ። ከሸክላ የሚሠራው ጎንዚዬም ተጨመረ። መንግሥት በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነበሩ።

ታዲያ ሠላሳ ዓመት አልፎት ሦስት ጉልቻው ለምን አልወጣም? ሲሚንቶው ውድ ነው፤ ገጠር ድረስ ማድረሱ ያስቸግራል፤ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው አይገኝም። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። አንድ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህን የምንናገረው ለራሳችን ለወንዶች ነው። ገንዘቡን የምንይዘው እኛ ነን፤ ጭሱን የሚስቡት ግን እነርሱ ናቸው። ለሳሎኑ ምንጣፍና ለቴሌቪዥኑ ገንዘብ ሲገኝ፣ የማጀቱ ተራ አይደርስም። እንግዳ የሚገባበትን ክፍል አሳምረን፣ ባለቤታችን ቀኑን የምትውልበትን ክፍል ጥላሸት ካለበሰነው ፍትሕ አይሆንም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰቦቻቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ሱናውን ከዚህም ብንጀምር መልካም ነው።

ኤሌክትሪኩና የኦሞ ወንዝ

«እንግዲያው ኤሌክትሪክ ምጣድ ይፍታው» የሚል አይጠፋም። ጭስ የለውም፤ እንጨት አይፈልግም። ባለበት ቤት ትልቅ እፎይታ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚስበው ይህ ኃይል ግን እርሱም ከአንድ ቦታ ይመጣል። ከምንጮቹ አንዱ ደግሞ የደቡብ ኦሞው ሰው የሚያውቀው ወንዝ ነው።

የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በኦሞ ወንዝ ላይ ተገነባ። ሥራው በ2006 ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ሀገሪቱ ኃይል ያስፈልጋት ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ከግድቡ በታች ግን የቦዲ፣ የሙርሲ፣ የካራ፣ የኛንጋቶምና የዳሰነች ሕዝቦች ይኖራሉ። ከጥንት ጀምሮ ወንዙ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ ነበር። ሲጎድል በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ለከብቶቻቸውም ሣር ይበቅል ነበር። ግድቡ በ2015 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ይህ የዓመት ሥርዓት ተዛባ። ለብዙ ቤተሰብ የወንዝ ዳር እርሻው ቀረ። በወንዙ መድረሻ በዳሰነች በኩል ደግሞ በቅርብ ዓመታት የወንዙና የቱርካና ሐይቅ ውሃ ከፍ ብሎ መንደሮችን ከቦ ብዙዎችን አፈናቅሏል።

ውሃ፣ ሣርና እሳት ያልነው እዚህ ላይ በአንድ ቦታ ተገናኙ። ውሃው ታቆረ፤ እሳት ሆኖ በሽቦ ወደ ከተማው ማጀት ሄደ፤ የቆላው ሣርና ማሽላ ቀነሰ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ወንዙ በሚያልፍበት ቆላ አብዛኛው ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት መሆኑ ነው። ከእሳቱ ድርሻ ሳይደርሰው ከውሃውና ከሣሩ የጎደለበት ሸሪክ አለን ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ አትጠቀሙ እያልን አይደለም። ጭስ ከሚውጡ እናቶች ምጣዱን መንጠቅ መፍትሔ አይሆንም። የጎደለበትን ሸሪክ መካስ የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ ልንጠይቅለትም ይገባል። በእጃችን ያለው ደግሞ የደረሰንን አለማባከን ነው። ከእንጦጦ ሴቶች ጀርባ ሸክሙ ወደ ሙርሲ እርሻ ተዛወረ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። አስቀድመን ጉልቻው ሲለወጥ ተሸካሚው ይለወጣል ያልነው ይህንኑ ነው።

ከየቤታችን ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ እንጨት የምንጠቀም ከሆነ ይድረቅ፣ ቀጠን ተደርጎም ይፈለጥ። እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ የተወሰነውን የራሱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል፤ ጭሱም የበዛ ነው። አቅም ላለው ቤት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከቅንጦት ዕቃ ይቅደም።

ሁለተኛ፣ ባቄላና ሽምብራ ማታ ይዘፍዘፍ፤ ድስቱ ይከደን። ለነዚህ ሁለት ነገሮች ምንም ወጪ የለባቸውም፤ ማገዶውን ግን በግልጽ ይቀንሱታል።

ሦስተኛ፣ እንጀራ በአንድ ዙር በዛ ተደርጎ ይጋገር። ሊጡ ሳይዘጋጅ ምጣዱ አይጣድ። ከጋገራው በኋላ በሚቀረው ግለት ቆሎ ይቆላበት ወይም ድርቆሽ ይድረቅበት። ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ተራ በተራ ቢጋግሩ ምጣዱ አንዴ ሞቆ ለብዙ ቤት ይበቃል። ይህ የጉርብትና ሐቅንም ያጠናክራል።

አራተኛ፣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነድ፤ ልጆች በተኙበትማ ጨርሶ። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። ቡናው ሲያበቃ የተረፈው ፍም አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ታፍኖ ይጥፋ፤ ነገ ይነዳል።

አምስተኛ፣ የሚበላው ይብሰል። በረመዳን የኢፍጣር ማዕዳችን ላይ የሚቀርበውን እናስብ። ሳንቡሳው፣ ሾርባው፣ ገንፎው፣ ወጡ ቀርቦ ግማሹ ሳይነካ ያድራል። እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። የጣልነው ምግቡን ብቻ አይደለም። የበሰለበትን እንጨት፣ የተቀቀለበትን ውሃ፣ ያቺ ሴት ከዳገት ያወረደችውን ሸክም አብረን ጥለነዋል። የጾሙ ወር ማጀታችን ከሌላው ወር በላይ የሚያባክንበት ከሆነ የጾሙን ትምህርት አልያዝነውም።

ስድስተኛ፣ ወደ ገበያ ዘንቢል ይዘን እንውጣ። ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በሀገራችን የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር፤ ብዙም ሳይሠራበት ቆየ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ዘንቢል ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሪዋ እናት የእንሰት ቅጠልም አዲስ አይደለም። ፌስታሉ ነው አዲስ መጤው።

ሰባተኛ፣ ከጓሮ ቁራሽ መሬት ያለን የአትክልት ልጣጩን ከቆሻሻ አንቀላቅለው፤ ብስባሽ ሆኖ ጎመኑን ያሳድግልን። በኮንሶና በደቡብ ኦሞ ቆላ የሚታወቀውን የሽፈራው ዛፍ በደጃችን ብንተክል ቅጠሉ በድርቅ ጊዜ እንኳ ወጥ ይሆናል። ተክል ተክሎ ሰው ወይም ወፍ የበላለት ሙስሊም ሰደቃ እንደሚጻፍለት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ደጋግመን ሰምተናል። የሚቀረን ጉድጓዱን መቆፈር ነው።

ውድ አድማጮቻችንና አንባቢዎቻችን፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ የኦሞ ወንዝ በአንድ ቀን ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ የእንጦጦና የአሪ ሴቶችም ሸክም በአንድ ጊዜ አይወርድም። ቢሆንም አንድ ቤት ማገዶውን በግማሽ ሲቀንስ፣ ከገበያው አንድ ሸክም ይቀንሳል። መቶ ቤት ሲቀንስ ደግሞ አንድ ቁጥቋጦ ዛፍ ለመሆን ጊዜ ያገኛል። የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ስንወጣ ያቺን እንጨት የተሸከመች እህታችንን ቀና ብለን እንያት። ሸክሟን እናውርድላት፤ ሰላም እንበላት፤ ዋጋዋን አንቁረጥባት። ከዚያ በኋላ ቤት ገብተን እሳቱን ስናነድ፣ ከእርሷ ጋር ሸሪኮች መሆናችን ትዝ ይለናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ኒዕማውን ከሚያውቁ፣ ከሚያመሰግኑና ከማያባክኑ ያድርገን። የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ይጠብቅልን፤ የሸሪኮቻችንን ሐቅ ከምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።